እናቴ የጠራችው ማንን ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ።

ችግሬ አንድ ቃል ናት ብልዎ ይገርምዎት ይሆናል። ከአራት ወር ወዲህ መጸለይ አቅቶኛል። ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ እንደ ልማዴ እንበረከክና «እግዚአ…» ብዬ እዚያው ላይ እቆማለሁ። ቀሪው አይወጣልኝም። ጥቂት እቆይና መብራቱን አጥፍቼ እተኛለሁ።

ነገሩ የመጣው በታናሽ ወንድሜ በኩል ነው። እናታችን ካረፈች አሥር ወር ሆናት። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እኔና እርሱ አልጋዋ አጠገብ እየተፈራረቅን ጸለይን፤ እርሷም ድምፅዋ እስኪደክም ድረስ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ልጆቼን…» ትል ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሰውም፤ «ልጆቼን» ትልና ትተወዋለች። ካረፈች በኋላ ወንድሜ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያጠኑ ሰዎች አገኘ። «እግዚአብሔር» ማዕረግ እንጂ ስም አይደለም፣ አምላክ ለሙሴ የነገረው የዕብራይስጥ ስም አለው፣ በዚያ ስም ያልቀረበ ጸሎት አይደርስም ብለው ያስተምራሉ። መጀመሪያ ስሙ «ያህዌ» ነው አለኝ። እውነቱን ለመናገር ወደድሁት። ሁለት ወር ያህል በዚያ ስም ጸለይሁ፤ አንዳንድ ቀን በጣም የቀረብሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መጥቶ «ያህዌ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው ያሁዋ ነው» አለኝ። የሁለት ወሩ ጸሎቴስ? ስለው «ባለማወቅ ነው፤ አሁን ግን አውቀሻል» ብሎ መለሰልኝ።

ስለ እናታችን ጠየቅሁት። «በትክክለኛው ስም ጠርተን ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣኛል፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጠራችው ማንን ነበር?

ይህም አልበቃ ብሎ የዘጠኝ ዓመት ልጄ አንድ ማታ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ነገ ፈተና አለብኝ» ስትል ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ሰማና «እሱ ስሙ አይደለም፤ አንቺን ‹ልጅት› ብለው ቢጠሩሽ ትሰሚያለሽ?» አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፅ አውጥታ አትጸልይም። ስጠይቃት «በልቤ ነው የማወራው፤ በልቤ ሳወራ ስም መጥራት የለብኝም» አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በተቃራኒው «ያንን ስም አፍሽ ላይ እንዳታደርጊ፤ አይሁድ እንኳ አይደፍሩትም፤ ስሙን በከንቱ መጥራት ነው» ትለኛለች። በአንዱ ብጠራው አይሰማኝም፣ በሌላው ብጠራው እቀሠፋለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? ወንድሜንስ እንዴት ልያዘው?

ቃሉ የጠፋባት

*

ውድ እህቴ፣

የጻፍሽልኝ ስለ ስም ነው። እኔ ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ የሚመለሰው ወደዚያች አልጋ ነው። ስለዚህ ከእናትሽ ልጀምር።

«እግዚአብሔር ሆይ፣ ልጆቼን» ብላ ታቆም ነበር አልሽ። ይህ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። ጠብቅልኝ ልትል ይሁን፣ አደራህን ልትል ይሁን፣ አንድ አድርግልኝ ልትል ይሁን፣ ከአፏ አልወጣም። እንግዲህ የመጀመሪያው ቃል በትክክል ካልተጠራ አልሰማም የሚል አምላክ፣ የመጨረሻው ቃል የጎደለውን ልመና ምን ያደርገዋል? ሁለታችሁ እንኳ አልጋው አጠገብ ቆማችሁ ሳትጨርሰው ገብቷችሁ ነበር። ጳውሎስ በሮሜ 8፥26 እንዴት መጸለይ እንደሚገባን እንደማናውቅ፣ መንፈስ ግን በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ይጽፋል። በማይነገር ነው ያለው። መቃተት ስም ይቅርና ፊደልም የለው።

ወንድምሽ ከጠቀሰልሽ ጥቅሶች አንዱ ኢዩኤል 2፥32 ሳይሆን አይቀርም፤ የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራ ሁሉ ይድናል የሚለው። በዕብራይስጡ እዚያ ቦታ ላይ የተጻፈው በእርግጥም ያ ስም ነው። ጳውሎስ ይህንኑ ቃል ሮሜ 10፥13 ላይ ሲያመጣው ግን በግሪክኛ «የጌታን ስም» ብሎ ጻፈው። ኪርዮስ፣ ጌታ። ከአዲስ ኪዳን ጥንታውያን የግሪክኛ ቅጂዎች መካከል ያ ስም የሚጻፍባቸውን አራት የዕብራይስጥ ፊደላት የያዘ አንድም እስከ ዛሬ አልተገኘም። የወንድምሽ ደንብ ከጸና እንግዲህ፣ ሮም ውስጥ ያ መልእክት ሲነበብ ተቀምጠው ያዳመጡት ሰዎች ጸሎት ሁሉ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ጥያቄሽ እናቴ ማንን ጠራች ነበር፤ እነርሱ የጠሩትን ነው የጠራችው።

ይህን ስል ወንድምሽ ነገሩን ከሜዳ አመጣው ማለቴ አይደለም። የያዘው እውነት አለ፤ ብትክጂው ደግሞ ይብስበታል። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ በሚባሉ አራት ፊደላት የሚጻፍ የተጸውዖ ስም አለ፤ ከ6,800 ጊዜ በላይ ይገኛል። በአማርኛው ስናነብ ይህ አይታየንም። ዘፍጥረት 1 ላይ ሰማይንና ምድርን የፈጠረው በዕብራይስጥ «ኤሎሂም» ነው፤ ያ ባለ አራት ፊደል ስም የሚመጣው ምዕራፍ 2 ላይ ነው። እኛ ግን ሁለቱንም ቦታ «እግዚአብሔር» እያልን እናልፋለን። ቃሉንም ብንፈታው እግዚእ እና ብሔር ነው፤ የአገር፣ የዓለም ጌታ። ስለዚህ ሲሠራ ማዕረግ ነበር ቢልሽ አልተሳሳተም።

ነገር ግን ቋንቋ ቆሞ አይጠብቅም። «ጌታ» ብትዪ ጌቶች አሉ። «አምላክ» ብትዪ አማልክት አሉ። «እግዚአብሔር» ግን ብዙ ቁጥር የለውም። ሞክሪው፤ አፍ ላይ አይመጣም። በዚህ ቃል ሌላ ማንንም ጠርተን አናውቅም። ሰዋስዋዊ ክርክር ካስፈለገ ለእኔ ይህ ይበቃኛል፤ በማዕረግነት የተነሣው ቃል በእናትሽ አፍ ውስጥ ስም ሆኖ ነበር።

አሁን «ያህዌ» ነው ወይስ «ያሁዋ» ወደሚለው እንምጣ። የእኛ ፊደል አናባቢውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ስለሚሄድ ነገሩ ቶሎ አይገባንም። አንድ ሰው ክ፣ ብ፣ ር የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻ ጽፎ ቢሰጥሽ ክብር ትያለሽ? ከበረ? ከበሮ? ቀድሞ የምታውቂው ቃል ከሆነ ከአጠገቡ ካሉት ቃላት ትለዪዋለሽ፤ ካልሆነ ትገምቻለሽ። ጥንታዊው የዕብራይስጥ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነበር። ስሙም በየቀኑ እስከ ተጠራ ድረስ ማንም አልተቸገረም። በኋላ አይሁድ ከአክብሮት የተነሣ በድምፅ መጥራቱን እየተዉት ሄዱ፤ መጽሐፉን ሲያነቡ አራቱ ፊደላት ጋ ሲደርሱ «አዶናይ» ይላሉ፣ በወግ መካከል ሲያነሡት ደግሞ «ሃሼም» ይላሉ፤ ስሙ ማለት ነው። ከ6ኛው እስከ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ማሶራውያን የተባሉት ሊቃውንት ለዕብራይስጡ ንባብ የአናባቢ ምልክት ሲያበጁለት፣ እዚህ ቦታ ላይ አንባቢው «አዶናይ» ማለቱን እንዳይዘነጋ የ«አዶናይ»ን አናባቢ በአራቱ ፊደላት ላይ አስቀመጡ። ይህን የማያውቁ ሰዎች የአንዱን ተነባቢ ከሌላው አናባቢ ጋር አንድ ላይ ሲያነቡት «ይሖዋ» የሚመስል ድምፅ ወጣ። «ያህዌ» የሚሉት ደግሞ ከሚይዟቸው ማስረጃዎች አንዱ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጳጳስ ቴዎዶሬጦስ ነው፤ ሳምራውያን ስሙን «ያቤ» ይሉታል ብሎ በግሪክኛ ጽፏል። «ያሁዋ» የሚሉት ከሰው ስም ይነሣሉ፤ ኢሳይያስ በዕብራይስጥ የሻያሁ ነው፣ መጨረሻው ላይ «ያሁ» ይሰማል። አብዛኞቹ የዘርፉ ሊቃውንት ወደ «ያህዌ» ያዘነብላሉ። ሙሴ ሲጠራው የሰማ ሰው ግን በመካከላችን የለም።

ስለዚህ ወንድምሽ በሁለት ወር ውስጥ ሐሳቡን በመቀየሩ አልነቅፈውም፤ ከእርሱ ይልቅ የተማሩትም ይለያያሉ። የሚያሳስበኝ በቀየረ ቁጥር ያለፈው ጸሎት መሰረዙ ነው። በዚህ አካሄድ ነገ አንድ ሌላ ሰው ሌላ አናባቢ ይዞ ቢመጣ የዛሬውም ይሰረዛል። ተንበርክከሽ የምትቆሚው ለዚህ ይመስለኛል፤ መሬቱ ሁለት ጊዜ ከሥርሽ ሸሽቷል፣ ለሦስተኛ ጊዜ እግርሽን ለማንሣት ፈርተሻል። የእምነት ማነስ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመከራከሪያ ግን እንዳታደርጊው። እናትሽ «ሃሌ ሉያ» ብላ ታውቃለች? መቼም ብላለች። መጨረሻው ላይ ያለችው «ያ» የዚያው ስም አጭር መጠሪያ ናት፤ ያህን አመስግኑ ማለት ነው። ኤልያስ የሚባል ሰው በጠራች ቁጥርም አምላኬ ያህ ነው የሚል ስም ጠርታለች። ዮናታንና ዮሐንስ ውስጥም ያው ስም አለ። ሳታውቀው በአፏ ሲመላለስ የኖረ ስም ነው።

ባልደረባሽ ያለችሽን በችኮላ አላልፈውም፤ እርሷም ከልብ ፈርታልሽ ነው። ስሙን ከመጥራት መቆጠብ ጥንታዊና የከበረ ልማድ ነው። ቤተ መቅደሱ ቆሞ ሳለ በስርየት ቀን ሊቀ ካህናቱ ስሙን ሲጠራ በአደባባዩ የቆሙት ካህናትና ሕዝብ በግንባራቸው ይደፉ እንደ ነበር ሚሽና የተባለው ጥንታዊ የአይሁድ የሕግ መድበል ይናገራል። ቫቲካንም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ይህ ስም በካቶሊክ አምልኮ፣ በመዝሙርና በጸሎት በድምፅ እንዳይጠራ አሳስቧል። ነገር ግን ይህ ልማድ የመጣው ኋላ ነው። ሩት 2፥4ን ክፈቺ። ቦዔዝ ወደ እርሻው ይመጣና አጫጆቹን በዚያ ስም ሰላም ይላቸዋል፤ እነርሱም ማጭዳቸውን እንደ ያዙ በዚያው ስም ይመልሱለታል። ላባቸውን እየጠረጉ የሚጠሩት ስም ነበር። ትእዛዙ በከንቱ አትጥራ ነው የሚለው፤ የአይሁድ ሊቃውንት ከሚሰጡት ፍቺ አንዱ በስሙ በሐሰት አትማል የሚል ነው። በእንባ መጥራትን ከከንቱ የሚቆጥር ፍቺ እኔ አላጋጠመኝም። የምትሄጂበት ቤተ እምነት በጋራ አምልኮ ስለዚህ ስም የያዘው ሥርዓት ካለ እዚያ በሥርዓቱ ሁኚ። ክፍልሽ ውስጥ ግን ማንም አይቀሥፍሽም።

ደግሞም «ወደድሁት» ያልሽውን አልዘለልሁትም። እንዲያውም ከደብዳቤሽ ሁሉ እንደ እስትንፋስ የተሰማኝ መስመር እርሱ ነው። እስቲ ልጠይቅሽ፤ በእነዚያ ሁለት ወራት ቀረብሁ ያልሽባቸው ቀናት ምን ይመስሉ ነበር? ድምፁ ነው ወይስ በአዲሱ ቃል ምክንያት ቀስ እያልሽ፣ እያሰብሽ መጸለይሽ? ዘጸአት 3፥14 ላይ ሙሴ ስምህ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» የሚል ነው፤ አራቱ ፊደላትም መሆን፣ መኖር ከሚል ሥር እንደ መጡ ብዙዎች ይስማማሉ። እናቷን በቅርብ የቀበረች ሴት «የሚኖር» የሚል ስም ብትወድ ምን ይገርማል? ያ ስም ዛሬም ከልብሽ ከመጣ ጥሪበት፤ ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም። ፍርሃት ሲያስጠራሽ ግን ተዪው። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፤ ስሙን ጠርተሽ ስታበቂ ቀጥሎ የሚመጣልሽ ልመናሽ ነው ወይስ «በትክክል አልሁት ይሆን?» የሚል ሐሳብ?

አሁን ወደ ወንድምሽ። «በትክክለኛው ስም ጠርተን ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ተነሥቶ ወጣ አልሽኝ። እኔ እዚህች መስመር ላይ ብዙ ቆየሁ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሆኖም ይህ ሰው ያሳሰበው የዕብራይስጥ ሰዋስው ብቻ አይመስለኝም። አልጋዋ አጠገብ ተፈራርቃችሁ ጸለያችሁ፤ እናታችሁ ሞተች። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ምክንያት ሳያበጅለት መሸከም አይችልም። ስሙ ተሳስቶ ነው ካለ ምክንያት አገኘ፤ አምላክ እምቢ አላለም፣ እኛ ነን የተሳሳትነው ማለት ይችላል። እግዚአብሔርን ከጥፋት ለማዳን ራሱን ጥፋተኛ አደረገ። ከዚያ በኋላ አንቺንም ልጅሽንም የሚያርመው እንዳይደገም ብሎ ነው፤ ዘብ ቆሟል። እንዲህ ከሆነ ከላይ የጻፍሁልሽን ማስረጃ ሁሉ ብትደረድሪለት አይሰማሽም። ደግሞም አስቢው፤ ያንን ምክንያት ከእጁ ስታስጥዪው ምን ይቀርለታል?

አንቺም እኮ ከእርሱ ጋር ነሽ። እርሱ ስሙን ተሳስተን እናታችንን አጣናት ይላል፤ አንቺ ስሙን ተሳስታ እናቴ ባዶ ሜዳ ላይ ስትጣራ ኖረች ብለሽ ትፈሪያለሽ። አንድ ኀዘን ለሁለት ተካፍላችሁ በአንዲት ቃል ላይ ትጣላላችሁ።

ቢሆንም ኀዘኑ በልጅሽ ጸሎት መካከል የመግባት መብት አይሰጠውም። እዚህ ላይ ለስላሳ አትሁኚ። ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ሳትቆጪ፣ «ከእኔ ጋር የፈለግኸውን ያህል እንወያያለን፤ እርሷ ስትጸልይ ግን አታርማት» በዪው። ማስረጃ አትጨምሪበት፤ ማስረጃ ከጨመርሽ ክርክር ይሆናል።

ልጅሽ በልቤ ሳወራ ስም መጥራት የለብኝም ያለችው ነገር ደግሞ፣ እኔ ብዙ መጻሕፍት አገላብጬ ያላገኘሁትን ነው ያገኘችው። የሐናን ታሪክ ንገሪያት። ሐና ልጅ አጥታ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ አልነበራትም። ካህኑ ዔሊ ደግሞ በመቅደሱ መቃን አጠገብ ተቀምጦ ያያታል፣ ሰክራለች ብሎ ይገሥጻታል። በር ላይ ሆኖ የሰው ጸሎት የሚያርም ሰው ከዱሮም አለ! (ይህን ለወንድምሽ አትንገሪው።) ዔሊን የምወድለት ግን ሐና ስታስረዳው ወዲያው መመለሱን ነው፤ በሰላም ሂጂ፣ የእስራኤል አምላክ የለመንሽውን ይስጥሽ አላት። ወንድምሽም አንድ ቀን ለእህቱ ልጅ እንዲህ ይላት ይሆናል። «ልጅት» ስላላት ነገርም ከጠየቀችሽ፣ «አንቺ እኔን በስሜ ትጠሪኛለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። እማዬ ስትልሽ ከሌላ ክፍል ሆነሽ ትሰሚያታለሽ። ኢየሱስም ለደቀ መዛሙርቱ ጸሎት ሲያስተምር «አባታችን ሆይ» ብሎ ነው የጀመረው፤ «ስምህ ይቀደስ» አለ እንጂ ስሙን በዚያ ቦታ አልጠራውም። ከዚያ በላይ አታብራሪላት። ድምፅ አውጥታ እንድትጸልይም አትገፋፊያት፤ ስትፈልግ ይመጣል።

የአንቺስ? ቃሉ ላይ ከምትጋጪ ለጥቂት ቀናት ዙሪውና እለፊ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙር ማታ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው፤ በዕብራይስጡ ቁጥር 23ኛው ነው። ስታነቢው አንድ ነገር ተመልከቺ። መጀመሪያ ላይ ዳዊት የሚያወራው ስለ እርሱ ነው፤ ያሳድረኛል፣ ይመራኛል፣ ነፍሴን መለሳት። ከዚያ የሞት ጥላ ጋ ሲደርስ በድንገት «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ይላል። ሆይ ብሎ አልጠራም፣ ስም አልቀየረም፤ ስለ እርሱ ሲያወራ ቆይቶ ጨለማው ውስጥ ሲገባ ዘወር ብሎ አነጋገረው። አንቺም እዚያ መስመር ላይ ስትደርሺ መጽሐፉን ዝጊውና ከ«አንተ» ቀጥዪ። «አንተ እናቴን ታውቃታለህ» ብለሽ ጀምሪ፤ የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። በኋላ የሚመጣው ስም የትኛውም ይሁን፣ በራሱ ጊዜ ይምጣ። ወራት አልፈው እንቅልፉም ጸሎቱም እምቢ ካለሽ ደግሞ የምታምኚውን የነፍስ አባት ወይም መጋቢ፣ አለዚያም ከኀዘንተኞች ጋር የሚሠራ አማካሪ አነጋግሪ፤ ይህን ሁሉ ብቻሽን እንድትሸከሚው አልፈልግም።

ከወንድምሽ ጋር አብራችሁ የምታነቡት ነገር ካስፈለገ ዘኍልቍ 6፥24 እስከ 27ን እመርጥልሻለሁ። እርሱ እንዲህ ያለ ነገር የሚወድ ይመስለኛልና ይህንም ንገሪው፦ እ.ኤ.አ. በ1979 ኢየሩሳሌም አጠገብ በአንድ ጥንታዊ መቃብር ውስጥ የተጠቀለሉ ሁለት ቀጫጭን የብር ቅጠሎች ተገኙ፤ ትልቁ ሲዘረጋ አሥር ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተጻፉ ናቸው። ላያቸው ላይ የተጫረው ከዚያው ቡራኬ ጋር የሚመሳሰል ቃል ነው፤ ይባርክህ፣ ይጠብቅህ፣ ፊቱን ያብራልህ። አራቱ ፊደላትም አሉበት። የሆነ ሰው አንገቱ ላይ አስሮት ኖሮ ሲሞት አብሮት የተቀበረ ሳይሆን አይቀርም። ወንድምሽ ያን ቡራኬ በልጅሽ ላይ በመረጠው አጠራር ያንብብ፤ አንቺ በእናትሽ አጠራር ተቀበዪው። ልጅቷ ደግሞ በልቧ።

አንድ ጥያቄም አለኝ፤ ለእርሱ የምትጠይቂው። ስለ ስሙ ክርክር በተነሣበት ቀን አይሁን፤ ሌላ ቀን፣ ምንም ባልተነሣበት ሰዓት፣ «እማማ ‹ልጆቼን› ብላ ስትተወው ቀጥላ ምን ልትል ነበር ይመስልሃል?» በዪው። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂው። እንደዚያኛው ቀን ጀምሮ ተነሥቶ ሊወጣ ቢል አብረሽው ውጪ።